ከሜሮን ማሽን የነቀልኩት ገመድ

ይህን ነገር እንዲህ ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። እሳቸው ዘንድ ስቀርብ ሐሜቴን እናገራለሁ፣ ጾም የገደፍኩበትን እናገራለሁ፣ ከጎረቤት የተኳረፍኩበትን እናገራለሁ፤ ይቺ ግን ምላሴ ላይ ስትደርስ ትመለሳለች። ደግሞስ ምን ብዬ ልጀምርላቸው? «አባቴ፣ ገመድ ነቅያለሁ» ብላቸው «መልሰሽ ሰኪዋ» ከማለት ሌላ ምን ይሉኛል? ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልጻፈው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አጻጻፌ ቢጣመም ታገሡኝ። መንገድ ስቼ ሌላ ወሬ ውስጥ ብገባም ታገሡኝ፤ እመለሳለሁ።

ነገሩ የልጅ ልጄን የሜሮንን ይመለከታል። ሜሮንን ከጡት ጀምሬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኔን «እማዬ» ትለኛለች፣ የወለደቻትን ልጄን በስሟ ነው የምትጠራት። አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም እኔና እሷ ብቻ እንኖራለን። ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ስላችሁ ሰዉ ሁሉ የሚጽፍበትንና ፊልም የሚያይበትን አይደለም፤ ከዚያ ሁሉ ሥር ያለውን፣ ከርነል የሚሉትን ነው። እኔም ይህን ቃል ከእሷ ነው የለመድኩት።

ከርነል ምንድነው ብዬ የጠየቅኳት ጎመን እየቀነጠስን ሳለ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «አይገባሽም» ብሎ ይተወኝ ነበር። እሷ ጎመኑን አስቀምጣ፣ እጇን ጠርጋ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ሠራተኛ አለ አለችኝ፤ አንዱ ጽሑፍ ያሳያል፣ አንዱ ድምፅ ያሰማል፣ አንዱ ከኢንተርኔት ጋር ይመላለሳል። ሁሉም ሥራውን የሚዘረጋበት ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ ሚሞሪ ይባላል። ቦታውን የሚያድለው ከርነሉ ነው። ሠራተኛው ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፣ ሲጨርስ ይመልሳል።

«የእድር ዕቃ ቤት በይኛ» አልኳት።

ሳቀች፣ ሳቋም ደስታ ነበር። መካኒሳ ሳለን የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ በእኔ እጅ እንደነበር ታውቃለች። ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ድንኳኑ፣ ሰሃኑ፣ ሁሉም በእኔ በኩል ነበር የሚወጣውና የሚገባው። እዚያ ቤት ብዙ ነገር ተምሬያለሁ። ሰው ዕቃ የሚያስቀረው ክፉ ሆኖ አይደለም። ለቅሶው እንደ ሥርዓቱ ከተፈጸመ ድስቱ ታጥቦ ይመለሳል። የሚጠፋው ነገሩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤታችን ሞቱ ተብሎ ትልልቆቹ ድስቶች ወጡ፤ ሰዎቹ እያለቀሱ ተሸክመው ሲደርሱ ሰውየው ቁጭ ብለው ውሃ ይጠጣሉ። ደስታ በደስታ ሆነ፣ እልልታ ሆነ። በዚያ ሁሉ መሐል ድስቱን ማን ያስታውሰው? ለሌላ ለቅሶ ሲፈለግ የለም። ስፈልገው ከርሜ በመጨረሻ ከእኒያው ሰውዬ ጓዳ አገኘሁት፤ ዶሮ ታቅፋበታለች።

ሜሮን የምታሳድደው ስህተት ልክ እንደዚህ ያለ ነበር። እሷ ቀድማ ደርሳበታለች፤ እኔም በእድሩ ድስት መስዬ ገባኝ። ሠራተኛው ከኢንተርኔት ጋር ሊመላለስ ቦታ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፣ ሥራው ከተሳካ ይመልሳል። መሐል ላይ መስመሩ ሲቋረጥ ግን ሥራውን ትቶ ይወጣል፣ ቦታውን ሳይመልስ። መስመር ደግሞ በእኛ አገር መቼ ሳይቋረጥ ይውላል? ትንሽ በትንሽ ቦታው ያልቃል፣ በመጨረሻ ማሽኑ ታንቆ ቀጥ ይላል።

ይህን ያገኘችው ክሊኒክ ሄዳ ነው። እዚሁ ሰፈራችን ያለች ትንሽ ክሊኒክ ናት፤ የካርድ ክፍሉ ማሽን በየጥቂት ቀኑ ይደርቅባቸዋል። አጥፍተው ያበሩታል፣ ይሠራል፣ ደግሞ ይደርቃል። ሁሉም ይህንኑ መድኃኒት አድርጎ ለምዶታል። «ማጥፋትና ማብራት መዳን አይደለም እማዬ፣ ሕመሙን መርሳት ነው» አለችኝ። ከዚያ ፍለጋ ጀመረች። ከላይ ጀምራ እያንዳንዱን እየጠየቀች፣ አንተ አይደለህም፣ አንተም አይደለህም እያለች እስከ ሥሩ ወረደች። ሰው ቁጭ ብሎ እንዲህ መድከም እንደሚችል ከእሷ ነው ያየሁት። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ መስመር ላይ ግማሽ ቀን ትቆያለች። አትሳደብም፣ አታማርርም። ስታገኘው ይህን ያህል ሕዝብ ያስቸገረው ግድየለሽ ማነው ብዬ ብጠይቃት «ከእኔ እጅግ የሚበልጥ ባለሙያ ነው» አለችኝ። መንገዱ ተቋርጦበት ነው የረሳው፣ ሰው ነው አለች። እስቲ ይህን ልብ ማን ሰጣት? እኔ አልሰጠኋትም። እኔማ ያን ድስት ያስቀሩትን ሰውዬ ዓመት ሙሉ አምቻቸዋለሁ።

ጥገናው አጭር ነው። ስትወጣ የወሰድከውን መልሰህ ውጣ እንደማለት ነው። በየአገሩ ያሉ ከርነሉን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ በአካል አይተዋወቁም፣ በኢሜይል ነው የሚነጋገሩት። ለእነሱ ላከችላቸው። ከዚያ ደግሞ መፈተን አለበት አለች። አንድ ትልቅ አሮጌ ማሽን አምጥታ ሳሎናችን ጥግ ተከለች፤ መስመሩን ራሱ እየቆረጠ እየቀጠለ ቀን ከሌት እንዲሠራ አደረገችው። ጥገናው ልክ ካልሆነ ከብዙ ቀን በኋላ ይታነቃል፣ ልክ ከሆነ ሳይታነቅ ይዘልቃል። ያለማቋረጥ መሥራት አለበት፤ አንዴ ከተቋረጠ ያለፈው ሁሉ ይሰረዛል፣ እንደገና ከዜሮ ነው። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ባትሪ ያለው ሳጥን ገዛችለት። ይህን ሁሉ አስረዳችኝ። ከዚያ ከባትሪው ሳጥን ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ጥቁሩን ገመድ በእጇ ይዛ «ቤቱን እንዳሻሽ አድርጊው እማዬ፣ ይቺን ብቻ አደራ» አለችኝ።

አደራ አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት።

የማርያም የጽዋ ማኅበር ተራዬ የደረሰ ዕለት ነው። ሜሮን ሥራ ሄዳለች። ሴቶቹ መጡ፣ የማኅበሩ ካህን አባም መጡ፣ ሳሎኑ ሞላ። ማሽኑ ጥጉ ላይ ያጉረመርማል። እኔ ለምጄው አልሰማውም ነበር፤ ያን ዕለት ግን በእንግዶቹ ጆሮ ሰማሁት። አስካለ ጀመረች። ከመካኒሳ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፣ አፏ ግን አያርፍም።

«ጥሩዬ፣ ንብ ማርባት ጀመርሽ እንዴ? ማሩን መቼ ነው የምትቆርጪልን?» አለች።

ሌላዋ ወፍጮ ነው፣ ቆይ ጤፌን ይዤ ልምጣ አለች። ተሳሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አስካለ በዚህ አልተወችኝም። «ልጅቷስ፣ ሰው አጣች ወይስ ከሳጥኑ ጋር ቆርባለች?» አለች፣ አባ እየሰሙ።

ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ? ልጄ ሰው ሁሉ የተወውን ስህተት ይዛ ሥሩን እየቆፈረች ነው ማለት ነበረብኝ። የእናንተም ካርድ የሚወጣበትን የክሊኒኩን ማሽን የምታድን እሷ ናት ማለት ነበረብኝ። ሁሉንም አውቀው ነበር፣ በእድር ዕቃ ላስረዳቸው እችል ነበር። እኔ ግን እጄን አወናጭፌ «ተዪኝ እባክሽ፣ ሥራ ስታጣ የያዘችው ነገር ነው» አልኩ።

ይህን አልኩ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ልጄን ሥራ ፈት አደረግኳት።

አባ ጸሎት ሊጀምሩ ሲነሡ ማሽኑ ያጉረመርማል። ማንም አጥፊው አላለኝም። እንዲያውም አባ ዘወር ብለው አይተውኝ «ተዪው ልጄ፣ አይረብሸንም» ብለውኛል። እኔ ግን ፊቴ ነዶ ነበር። በእሷ አፍሬ ነበር። ሰው የልጅ ልጁ ሰክራ ስትገባ የሚያፍረውን እፍረት፣ እኔ ልጄ በመሥራቷ አፈርኩት። ወንበር የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩና ጥቁሩን ገመድ ነቀልኩት። ማሽኑ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰና ዝም አለ። ጸሎቱ ተጀመረ። ከጸሎቱ አንዲት ቃል ጆሮዬ አልገባችም።

እንግዶቹ ሲሄዱ መልሼ ሰካሁት። ራሱ በራ፣ ራሱ ማጉረምረም ጀመረ። አየሽ፣ ምንም አልሆነም አልኩ ለራሴ። ምንም አልሆነም? አንዴ ከተቋረጠ ከዜሮ እንደሚጀምር ነግራኝ አልነበረም?

ሜሮን ስትገባ ቦርሳዋን እንኳን ሳታወርድ ሄዳ አየችው። ቆማ ቀረች። የዳቦ ሰሃን ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ እማዬ?»

«አልጠፋም።»

«ሰው ነክቶታል?»

«ማን ይነካዋል?»

አንዷ መልስ እውነት ናት፣ አንዷ ጥያቄ ናት። ውሸት የሚመስል ነገር ከአፌ አልወጣም። እንዲህ ተደርጎ የሚዋሸው ውሸት ግን ከሁሉም አይከፋም? እሷ አመነችኝ። ማሽኑን ጠረጠረች፣ ባትሪውን ጠረጠረች፣ ራሷን ጠረጠረች፤ እኔን አልጠረጠረችም።

ማሽኑ ምንም ምልክት ሳይተው በድንገት ወድቋል ብላ ደመደመች። ይህ ከመጀመሪያው ስህተት የባሰ ነው አለችኝ። በገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ፣ ያውም በእድር። «ድስቱን ቶሎ ያስመለስኩት ይመስለኛል እማዬ። ገና ወጥ እየተሠራበት ያለ ድስት ከእሳት ላይ ነጥቄ ይሆናል» አለች። ዕቃ ከሚያስቀር ይልቅ እንዲህ ያለው ይብሳል፤ ማንንም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ለእነዚያ በየአገሩ ላሉት ሰዎች ጻፈችላቸው፦ የላክሁትን ጥገና አትጠቀሙበት፣ እኔ ዘንድ ማሽኑ ወድቋል፣ ስህተቱ የእኔ ነው አለቻቸው። ትንሽ ቆይተሽ ብትነግሪያቸውስ፣ ማን አየሽ ብያት ነበር። የጠረጠርኩትን ነገር ሰው ማሽን ላይ ጥዬ አላድርም አለችኝ።

ያን ጊዜ አደነቅኳት፣ በልቤ አጎነበስኩላት። አፌን ግን አልከፈትኩም። እኔ ጥፋቴን ሳሎኔ ውስጥ ለአንዲት ልጅ መናገር ፈርቼ፣ እሷ ያላጠፋችውን ለዓለም ትናገራለች።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ማሽኑን ደግማ ፈተነችው፣ አልወደቀም። ደግማ ፈተነችው፣ አልወደቀም። በሩቅ አገር ያለ አንድ ትልቅ ባለሙያ እኔ ዘንድ ልክ ነው፣ ለምን ይቅር አልሽ ብሎ ጻፈላት። እሷ ግን አንድ ጊዜ ወድቋል፣ ለምን እንደወደቀ ሳላውቅ ይግባ አልልም አለች። ከሳች። ምግብ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። የሌለ ስህተት እየፈለገች ነበር፤ የምትፈልገው ስህተት ግን ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ «ብዪ እንጂ ልጄ» ይላታል።

ጉልበቴ ሲብስብኝ ያችው ክሊኒክ ሄድኩ። ተራ ይዤ ሳለሁ የካርድ ክፍሉ ማሽን ደረቀ። የካርድ ሠራተኛዋ «ትንሽ ታገሡን፣ አጥፍተን እናበራዋለን» አለች። ከፊቴ ሕፃን ያቀፈች እናት አለች፣ ሕፃኑ በትኩሳት ይቃትታል። እናቱ እያወዛወዘች ወደ መስኮቱ ታያለች፣ ወደ እኔ ታያለች። «ምን ሆኖ ነው ግን እናቴ?» አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። እንጃ! ማሽኑ ለምን እንደደረቀ፣ መድኃኒቱ የት ተሠርቶ እንደተቀመጠ፣ ማን እንዳስቀረው በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሕክምናውን ትቼ ተመለስኩ። ሜሮን ቤት ነበረች። ነጠላዬን ሳላወርድ «የማኅበሩ ዕለት ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ስንት ሰዓት ላይ?» አለች።

አባ ጸሎት ሲጀምሩ ነው አልኳት። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር ወይ አለችኝ፣ አዎ አልኳት። ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ፈልጋ አየች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ቀረብኩ፤ እየሳቀች ነበር፣ እንባዋም ይወርዳል። አልወደቀም ነበር እማዬ፣ ልክ ነበር አለችኝ። አቅፋ ጉልበቴን ሳመችኝ። እኔ ጉልበቷን መሳም ሲገባኝ።

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሳታውቂ ነው» አለች።

እኔም ዝም አልኩ። አሁንም ዝም አልኩ።

ያኔውኑ ለእነዚያ ሰዎች ጻፈች፦ ምክንያቱ ተገኝቷል፣ አያቴ ሳታውቅ ገመዱን ነቅላው ነበር አለቻቸው። ጥገናዋ ተቀባይነት አገኘ፣ ከነስሟ ገባ። እዚያ የገባ ነገር እኛ አገር ብቻ አይቀርም፣ የት የት ይደርሳል መሰላችሁ። የክሊኒኩ ማሽን መድረቅ አቁሟል። ሰዎቹ መልስ ሲልኩላት እያነበበች ተረጎመችልኝ፤ አንዱ የእኔን ድመቴ ናት የነቀለችው ይላል፣ አንዷ የእኔም አያት እንዲሁ ናት ትላለች፣ ያ ትልቁ ባለሙያ አያትሽን ሰላም በያት ብሏል። ሜሮን ትስቃለች፣ ግንባሬን ትስመኛለች። በማላውቀው አገር ሁሉ የምታሳዝን፣ ምንም የማታውቅ ደግ አሮጊት ሆኛለሁ።

እኔ ግን አላውቅም ነበር? ከርነል ምን እንደሆነ ጎመን ላይ ነግራኛለች። ከተቋረጠ ከዜሮ እንደሚጀምር ነግራኛለች። ገመዱን በእጇ ይዛ አደራ ብላኛለች። ሰው ሁሉ ያልተማረች ናት፣ ምን ታውቃለች ሲል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያ ቃል ያሳምመኝ ነበር። በደሌን መሸፈን ስፈልግ ግን ራሴ ገብቼ ተከለልኩበት። እውነት ነው፣ አልተማርኩም። ያንን ገመድ ግን አለመማር አልነቀለውም። እኔ ነቀልኩት፣ በልጄ ሥራ አፍሬ።

ሜሮን ያልሰማችው ይህን ነው። መንቀሌን ሰምታለች፤ ማፈሬን አልሰማችም። ሥራ ስታጣ የያዘችው ነው ማለቴን አልሰማችም። ሰዎቹ ሁሉ በሳቅ ይቅር ያሉኝ ላልሠራሁት ነው፣ የሠራሁት እዚሁ እኔ ጋ አለ።

አሁን ከማዶ ክፍል ናት፣ በሯ ገርበብ ብሏል። ሌላ ጥፋት ይዛ ሥሩን እየፈለገች ነው፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከዚህ ይታየኛል። ጽሑፉን እዚህ ላይ ትቼ ልገባ ነው። አውቅ ነበር እላታለሁ። አፍሬብሽ ነበር እላታለሁ። ያቺን «ሳታውቅ» የምትለዋን ቃል ከጻፍሽበት አውጪልኝ እላታለሁ። ብትቆጣ ልክ ናት። ዝም ብትለኝም ልክ ናት። ይቅር ካለችኝ ደግሞ አውቄ ላደረግሁት ይሁን፤ ላለማወቄ የተሰጠኝን ይቅርታ እመልስላታለሁ።